ውዝዋዜውን በስሙ መዝግቡልን፦ ለባህል ትርኢትና ውድድር አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የባህልና የዘመናዊ ውዝዋዜ ውድድሮችን ለሚያዘጋጁ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለዳኞች፣ ለመድረክ አስተዋዋቂዎች እንዲሁም የትርኢት ቪዲዮ ለሚያስቀምጡ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የውዝዋዜ ስም ከምዝገባ ቅጽ ላይ ስለመውጣቱ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልን።

ዘንድሮ ለቡድኖች የተበተነው የምዝገባ ቅጽ «የውዝዋዜው ስም» የሚለውን መስመር አውጥቶ በምትኩ «ክልል» እና «ደቂቃ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አስገብቷል። ምክንያቱን ስንጠይቅ በቃል የተሰጠን መልስ «ስሞቹ በዝተው ፕሮግራሙን አጨናነቁት፣ አጻጻፋቸውም አንድ አይደለም» የሚል ነው። ስሞቹ መብዛታቸው እውነት ነው። የበዙት ግን ውዝዋዜዎቹ ስለበዙ ነው። ስሙ ከወረቀት ላይ ሲወጣ ችግሩ ከጽሕፈት ቤቱ ወደ መድረኩ ይሻገራል፤ እዚያም አሠልጣኙ፣ ከበሮ መቺው፣ የድምፅ ባለሙያውና ዳኛው ላይ ይወድቃል።

የውዝዋዜ ስም ለእኛ የሥራ መመሪያ ነው። አንድ አሠልጣኝ «ሸጎዬ» ሲባል ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት እንደሚሰለፉ፣ ሥራው አንገትና ራስ ላይ እንደሚበዛ፣ ዘፈኑም በቅብብል እንደሚሄድ ወዲያው ይገባዋል። «ኦሮሚያ፣ 5 ደቂቃ» ሲባል ግን ስንት ሰው እንደሚያሰልፍ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያዝ፣ ከበሮ ያምጣ አያምጣ የሚያውቅበት ነገር የለም። ስሙ የሚወጣበት መንገድም ይህንኑ ያሳያል። እስክስታ ስንል የምንጠራው እንቅስቃሴውን ነው። አሸንዳ ከልጃገረዶቹ ወገብ ላይ ከሚታሰረው ረጅም ቅጠል ስሙን ወስዷል። የሐመሮች ኢቫንጋዲ የምሽት ጭፈራ ነው፤ ሰዓቱ የስሙ አካል ነው። የሶማሌ ሴቶች ቡራንቡር ከሁሉ በፊት የግጥም ስም ነው። እንግዲህ አንዱ ስም ምን እንደሚንቀሳቀስ፣ ሌላው ምን እንደሚታሰር፣ ሌላው መቼ እንደሚጨፈር፣ ሌላው ማን ቃል እንደሚያወጣ ይነግረናል። «ክልል» የሚለው ሳጥን ከእነዚህ አንዱንም አይነግርም።

በዝርዝር እናስረዳ።

ከኦሮሞ ውዝዋዜዎች እንጀምር። የሐረርጌው ሸጎዬ፣ የሸዋው ረገዳና እግር እየመቱ የሚጨፍሩት ዺቺሳ ሦስቱም «የኦሮሞ ባህላዊ ውዝዋዜ» በሚል አንድ ርእስ ሲታወጁ የመድረክ ዝግጅቱም አንድ ዓይነት ይሆናል። ሸጎዬ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የማይክሮፎን ነው። ለአውራጁ ብቻ አንድ ማይክሮፎን ይሰጥና ተቀባዮቹ ያለ ድምፅ ይቀራሉ፤ ቅብብሉ ሲጠፋ አንገቱን የሚመራው ነገር አብሮ ይጠፋል። ዺቺሳ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የወለል ነው። ወንዶቹ ዱላ ይዘው መሬቱን በእግር ሲመቱ የሚወጣው ድምፅ ራሱ የምቱ ክፍል ነው። መድረኩ ወፍራም ምንጣፍ ከለበሰ ድምፁ ይታፈናል፤ ተወዛዋዦቹ አይሰማሙም፣ ረድፉ ይበተናል፣ ዳኛውም «ቅንጅት ይጎድላቸዋል» ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። በቅጹ ላይ ዺቺሳ ተብሎ ቢጻፍ መድረክ አዘጋጁ ምንጣፉን ያስነሳ ወይም ከወለሉ አጠገብ ማይክሮፎን ያስቀምጥ ነበር። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አስቀድሞ ማወቅን ነው።

ሁለተኛው ነገር ትከሻ የሚንቀሳቀስበትን ሁሉ «እስክስታ» ብሎ መጥራት ነው። የትግርኛ ጭፈራ «የትግራይ እስክስታ» ተብሎ ሲተዋወቅ ሰምተናል። ጓይላ በሚባለው በዚህ ጭፈራ ላይ ሰዎች ክብ ሠርተው፣ እግራቸውን ከከበሮው ጋር አስማምተው ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ ይህ ዙር ኩዳ ይባላል። ከዚያ ከበሮው ሲፈጥን ዙሩ ይቆማል፣ ሰው ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ትከሻው የሚበረታው ያኔ ነው። ስለዚህ ውዝዋዜው ሁለት ክፍል አለው፤ የሁለተኛው ክፍል ጉልበት የሚመጣው የመጀመሪያው ረጋ ብሎ በመቆየቱ ነው። ምቱም ቢሆን በአምስት የሚቆጠር ነው፤ በስድስት ከሚቆጠረው፣ እስክስታ ከሚመታበት ከጭክችካ ምት ጋር አይገጥምም። «እስክስታ፣ 3 ደቂቃ» ተብሎ ሲመዘገብ የድምፅ ባለሙያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ፍጥነት ያለው የተቀዳ ሙዚቃ ይከፍታል። አንዳንዴም የጭክችካ ምት ይከፍትና ተወዛዋዦቹ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ። ሰዓት አጠረ ሲባል ደግሞ የሚቆረጠው ረጋ ያለው ክፍል ነው፤ ሩጫው ብቻ ይቀራል።

እስክስታ ተብሎ በትክክል የሚጠራውም ቢሆን አንድ አይደለም። ጎጃም ላይ ትከሻና ደረት በፍጥነት ይሰበቃል፤ ወሎ ላይ አንገት ብዙ ሥራ አለው፤ ጎንደርም የራሱ አጣጣል አለው። ሙዚቃው ይህን ልዩነት ድሮ አክብሮታል፤ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የወሎ ቦታ ስም ይዘው እስከ ዛሬ ይጠራሉ፣ ማንም «የአማራ ቅኝት ቁጥር 2» ብሏቸው አያውቅም። ውዝዋዜው ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ የለም። ውጤቱ በዳኝነት ወረቀት ላይ ይታያል። እስክስታ በሰርግ ቤት የሚመታው ሁለት ሰዎች ገጥመው፣ አንዱ ለሌላው እየመለሰ ነው። በረድፍ ቆሞ ሁሉም እኩል መንቀሳቀስ ከመድረክ ጋር የመጣ አደረጃጀት ነው፤ ለተመልካች ዓይን ያማረ ቢሆንም የውዝዋዜው መለኪያ ሊሆን አይገባም። ዳኞች ግን ለ«ወጥነት» ከፍተኛ ነጥብ ስለሚሰጡ ከገጠር የመጡና እየተገጣጠሙ የሚወርዱ ቡድኖች በየጊዜው ይሸነፋሉ። አሠልጣኞችም ይህን አይተው ልጆቹን እንደ ሰልፍ ማሠልጠን ይጀምራሉ። እኛን ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ይህ ነው፤ ጉዳቱ ከመድረኩ አልፎ ወደ ማሠልጠኛ አዳራሹ፣ ከዚያም ልጆቹ ወደሚጨፍሩበት ሰርግ ይገባልና።

ሦስተኛ፣ የበዓል ስም ያላቸው ጭፈራዎች። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዶች የሚወጡበት ጨዋታ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ዓይኒ ዋሪ ይባላል። ዝምድናቸው ግልጽ ነው፤ ዜማቸው፣ ግጥማቸው፣ የፀጉር አሠራራቸውና ልብሳቸው ግን ይለያያል። ለሕትመት እንዲያጥር ተብሎ ከአምስቱ ስሞች አንዱ ሲመረጥ አራቱ አካባቢዎች «የእናንተን ስም አናውቅም» እንደተባሉ ይቆጥሩታል፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነው። ሌላም ስህተት አለ። ከበሮውን የሚመቱት ልጃገረዶቹ ራሳቸው ናቸው። ቅጹ ላይ «ባህላዊ ውዝዋዜ» ብቻ ስለሚጻፍ አዘጋጆች ከኋላ ወንድ ከበሮ መቺና ኪቦርድ ያስቀምጣሉ። አንዳንዴም ረድፉን ለመሙላት ቅጠል የታጠቁ ወንዶች ይጨመራሉ። የልጃገረዶች ጨዋታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የሲዳማ ጉዳይ ነው። ፍቼ ጨምባላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ላይ የሰፈረ የዘመን መለወጫ በዓል ነው። በዓሉ ሲከበር ሕዝቡ ጉዱማሌ በሚባለው የበዓሉ አደባባይ ተሰብስቦ የሚያዜመውና የሚንቀሳቀስበት ቄጣላ ይባላል። ፕሮግራሞቻችሁ «የፍቼ ጨምባላላ ውዝዋዜ» ብለው ይጽፉታል። ይህ ለጥምቀት የሚወጣውን ሁሉ «ጥምቀት» ብሎ እንደመጥራት ነው፤ በዓሉ ይታወቃል፣ ውስጡ ያለው ግን ስም ያጣል።

«የደቡብ ውዝዋዜ» የሚለው አጠራር ለብቻው ሊነሳ ይገባል። ይህ ስም የአስተዳደር ወሰን እንጂ የማንም ጭፈራ ስም ሆኖ አያውቅም። ወሰኑም ተለውጧል፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ተከተለ፣ በ2015 ማብቂያ ላይ ደግሞ ቀሪው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። የቪዲዮ ክምችታችሁ ውስጥ «ደቡብ» ተብለው የተቀመጡ ሥራዎች ዛሬ የየትኛው ክልል ናቸው? ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጉራጌ፣ ሐዲያ፣ ዳውሮና ሐመር ተብለው በየስማቸው ቢቀመጡ ኖሮ ወሰኑ ቢቀየር እነሱን አይነካቸውም ነበር። አዲሱ ቅጽ ክልልን ብቻ መያዙ ያንኑ ስህተት መልሶ ያመጣዋል።

በዚሁ ስም የሚቀርበው ድብልቅ ሥራም አለ። የወላይታው የወገብ እንቅስቃሴ፣ የጉራጌው ፈጣን የእግር ሥራና የሌላ ሁለት ሦስት ሕዝብ ጭፈራ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተሰፍቶ፣ በየአርባ ሴኮንዱ እየተለወጠ ይቀርባል። እንዲህ ያለ ሥራ መቀነባበሩን አንቃወምም፤ ብዙዎቻችን የምንሠራውም ነው። የምንቃወመው «ባህላዊ» ተብሎ መታወጁን ነው። ይህ የአቀናባሪው ድርሰት ነው፤ ርእስ ሊኖረው፣ የአቀናባሪው ስም ሊጠራ፣ ከየት ከየት እንደተወሰደም ሊነገር ይገባል። ባህላዊ ተብሎ ሲቀርብ ሁለት ሰዎች ይጎዳሉ። አቀናባሪው የድካሙን ባለቤትነት ያጣል፤ የጭፈራው ባለቤት የሆነው ሕዝብ ደግሞ ያልሠራው ነገር በስሙ ይወጣል።

የሶማሌን ባጭሩ እንለፈው። ዻንቶ የሚባለው ጭፈራና ቡራንቡር በአንድ መስመር «የሶማሌ ጭፈራ» ተብለው ይቀርባሉ። ቡራንቡር የሴቶች ግጥም ነው፤ ገጣሚዋ ትላለች፣ ሌሎቹ በጭብጨባና በከበሮ ያጅባሉ፣ የምትወዛወዘው ሴት በግጥሙ ላይ ትገባለች። የተቀዳ ሙዚቃ ከተከፈተበት ግጥሙ አይሰማም፤ ያኔ ቡራንቡር መሆኑ ያበቃል።

ውዝዋዜ ያልሆነውን ውዝዋዜ ማለትም ቅሬታችን ነው። ወረብና ዝማሜ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ናቸው፤ ወረቡ ከበሮና ጸናጽል፣ ዝማሜው መቋሚያ አለው፣ ሁለቱም አቋቋም በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ለዓመታት የሚጠኑ ናቸው። በቪዲዮ ክምችት ውስጥ «ጥንታዊ ዳንስ» ተብለው ተቀምጠው አይተናል፤ አንድ ጊዜም ከውድድር ምድብ ውስጥ ገብተዋል። ሊቃውንቱ ማዘናቸው ተገቢ ነው። ሽለላና ፉከራም እንዲሁ «የወንዶች ውዝዋዜ» ተብለው ይመደባሉ። ፉከራ በቃል የሚቆም ነገር ነው። ፎካሪው ወዲያ ወዲህ የሚለው ቃሉን ለማድመቅ ነው። በእግር አጣጣል ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ ፊት ሲቆም ልጁ ግጥሙን ትቶ መዝለል ይማራል።

አሁን ወደ ዘመናዊው ውዝዋዜ። እዚህ ስም የሚወለደው ዓይናችን እያየ ስለሆነ ቅጹ የሚያደርሰው ጉዳት በገንዘብም ይለካል። አንድ ወጣት ለአንድ ዘፈን ክሊፕ እንቅስቃሴ ይፈጥራል፤ ክሊፑ ሲታወቅ ሕዝቡ እንቅስቃሴውን በዘፈኑ ርእስ ወይም በአዝማቹ ቃል ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ ስሙ የዘፋኙ ይመስላል፤ የፈጠረውን ልጅ የሚያስታውስ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮሪዮግራፊ ሥራን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ጥበቃው ግን ሥራው ወጥ እንዲሆንና በአንድ ነገር ላይ ተቀርጾ እንዲገኝ ይጠይቃል። ለአብዛኛው ወጣት ያለው ቅርጽ የእናንተ መድረክ ቪዲዮ ብቻ ነው። ያ ቪዲዮ «ዘመናዊ ውዝዋዜ፣ አዲስ አበባ» ተብሎ ከተቀመጠ ማን እንደሠራው የሚያስረዳ ወረቀት የለም ማለት ነው። ተቃራኒውም ይከሰታል። የሕዝብን ጭፈራ እንዳለ ወስዶ አዲስ ስም የሚያወጣለትና የራሴ ፈጠራ ነው የሚል ቡድን አለ፤ የመጀመሪያው ስም በየትም ቦታ ስላልተመዘገበ የሚከራከረው የለም።

ከውጭ ልምድ አንድ ብቻ እንጥቀስ፤ ለጉዳዩ ይጠቅማልና። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ብሮንክስ ዲጄዎች በሸክላው ላይ ዘፈኑ ቆሞ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን «ብሬክ» የሚባለውን ክፍል እየደጋገሙ ያራዝሙ ነበር፤ ያን ክፍል ጠብቀው የሚገቡት ተወዛዋዦች ጭፈራቸውን ከዚያው ክፍል ስም ወስደው ብሬኪንግ አሉት። ብሬክ ዳንስ የሚለው አጠራር በኋላ በመገናኛ ብዙኃን የተስፋፋ ነው። ውዝዋዜው በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሲገባ የተመዘገበው ተወዛዋዦቹ በሚጠሩበት በብሬኪንግ ነው። ያን ያህል ትልቅ ውድድር የባለቤቶቹን አጠራር ለመያዝ ቦታ ካላጣ የእኛ ቅጽ አንድ መስመር አያጣም።

አጻጻፍ ይለያያል የተባለውን በተመለከተ ችግሩን አንክድም፤ መፍትሔው ግን ስሙን መተው አይደለም። ዺቺሳ እና ዻንቶ የሚጀምሩበት ድምፅ በአማርኛ የለም፤ «ዸ» የሚለው ፊደል ግን ለዚሁ ድምፅ አለ። የኦሮምኛ ስሞች በቁቤ ሲጻፉ የሚጠብቀውና የሚረዝመው ድምፅ ይታያል፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ይጠፋል። ስለዚህ ቡድኑ ራሱ በቋንቋው ፊደልም በግዕዝ ፊደልም ቢጽፈውና አዘጋጁ እንዳለ ቢገለብጠው ይበቃል። ሁለት አካባቢ አንድን ስም የእኔ ነው ቢሉም ጽሕፈት ቤቱ እንዲፈርድ አንጠይቅም፤ «በዚህ አካባቢ እንዲህ ይባላል» ብሎ ሁለቱንም መመዝገብ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አዲሱ ቅጽ ሥራ ላይ እንዳይውልና የዘንድሮው ምዝገባ በሚከተለው እንዲተካ። ቅጹ ውዝዋዜው በባለቤቶቹ የሚጠራበትን ስም፣ ቦታውን እስከ ወረዳ፣ የሚጨፈርበትን ጊዜ (ሰርግ፣ በዓል፣ ምሽት፣ ለቅሶ)፣ እነማን እንደሚጨፍሩትና ቢያንስ ስንት ሰው እንደሚፈልግ፣ አጃቢው ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ድምፅ ወይስ ሌላ መሣሪያ መሆኑን ይያዝ። ከሥሩም ሦስት ምርጫ ይኑር፦ እንደሚጨፈረው የቀረበ፣ ለመድረክ የተቀነባበረ፣ አዲስ ፈጠራ። ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን የመረጠ ቡድን የአቀናባሪውን ስም ይጻፍ።

የድምፅና የመድረክ ባለሙያዎች ይህ ቅጽ ከልምምድ ቀን በፊት እንዲደርሳቸው፤ ምንጣፍ፣ የማይክሮፎን ቁጥርና የሙዚቃ አከፋፈት በእሱ እንዲወሰን። ሁለት ክፍል ላላቸው ውዝዋዜዎች ደቂቃ ሲመደብ ሁለቱም ክፍል እንዲታይ።

አስተዋዋቂው ስሙን፣ ቦታውንና አቀናባሪውን እንዲጠራ። ይህ 15 ሴኮንድ አይፈጅም። አነባበቡን ከቡድኑ አባል ቀድሞ ይጠይቅ።

የዳኝነት መመዘኛው በአንድ ወረቀት ለሁሉም መሆኑ እንዲቀር፤ በገጠማ ለሚጨፈር ውዝዋዜ የወጥነት ነጥብ ተነስቶ በምላሽና በቅብብል እንዲተካ። ወረብና ዝማሜ ከውድድር ምድብ እንዲወጡ፤ ሽለላና ፉከራ የቃል ጥበብ በሚል ለብቻቸው በሚያውቁ ሰዎች እንዲዳኙ።

እስካሁን በ«ደቡብ»፣ በ«ኦሮሞ»፣ በ«አማራ»ና በ«ዘመናዊ» ብቻ የተቀመጡ ቪዲዮዎች እንደገና ስም እንዲወጣላቸው። ለዚህ ሥራ ከየአካባቢው የመጡ ነባር ተወዛዋዦች፣ አውራጆችና ከበሮ መቺዎች ተቀምጠው ሊያዩአቸውና ሊመሰክሩ ፈቃደኞች ናቸው፤ እኛም ያለ ክፍያ እናግዛለን። በሕይወት ያሉት አንጋፋዎች በእጃችን ሳሉ ቢጀመር ይሻላል።

ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን፣ መልሱም ለሁሉም ተሳታፊ ቡድኖች በአንድ ጊዜ እንዲደርስ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የባህልና የዘመናዊ ውዝዋዜ አሠልጣኞች፣ ተወዛዋዦችና አቀናባሪዎች፤ አውራጆችና ከበሮ መቺዎች፤ የመድረክ አልባሳት አዘጋጆች